ክፍተቱ ከደመወዙ በፊት ነው

ይድረስ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሜዲካል ላብራቶሪ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ለሆንከው ወንድሜ፤

ኦስሎ ተወልዳ ያደገችው የአጎትህ ልጅ በኢኮኖሚክስ ተመርቃም ገቢዋ ከክፍል ጓደኞቿ እንደሚያንስ ነግራሃለች። አባትህ ደግሞ አጋሮ ያለውን የቡና ማሳ ለዓመታት አከራይተው ኖርዌይ ሊያስተምሩህ ቆርጠዋል። «እዚያ የተወለደችው እንዲህ ከሆነች እኔ ምን ይውጠኛል?» ስትል ጠይቀሃል።

የአጎትህ ልጅ እውነቷን ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ኖርዌይን ጨምሮ የዘጠኝ አገሮችን የደመወዝ መረጃ መርምሮ ነበር። ስደተኞች ከአገሬው ሰው በአማካይ 17.9 በመቶ ያነሰ ያገኛሉ። በልጆቻቸው ላይ ልዩነቱ ወደ 5.7 በመቶ ዝቅ ይላል እንጂ አይጠፋም፤ ወላጆቻቸው ከአፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የሄዱት ላይ በተለይ ይበረታል። ልብ በልልኝ፦ የስደተኞቹ ልዩነት ሦስት አራተኛው የመጣው ለአንድ ዓይነት ሥራ ያነሰ ስለተከፈላቸው አይደለም፤ ጥሩ የሚከፍለው ሥራ ውስጥ ስላልገቡ ነው።

ለምን አልገቡም? ኖርዌይ ውስጥ ተመራማሪዎች ትምህርትና ልምድ የተመጣጠነባቸውን ማመልከቻዎች ለቀጣሪዎች ልከው ነበር። የፓኪስታን ስም የያዙት ለቃለ መጠይቅ የመጠራት ዕድላቸው በ25 በመቶ ገደማ ያነሰ ሆነ። እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው ተምሮ፣ ቋንቋውን እንደ እናቱ ጡት ጠጥቶ ያደገ ልጅ በአባቱ ስም ከደጅ ሲመለስ በጣም ያናድደኛል። ስለዚህ ዘመድ ሁሉ «ፈረንጅ አገር ተወልዳ ምነው ሰነፈች?» ማለቱን ያቁም። ልጅቷ አልሰነፈችም።

ለአንተ ከዚህ የሚወጣው ምክር አገሩን ሳይሆን በሩን እንድትመርጥ ነው። እኔም የተነሳሁት ከላብራቶሪ ነው። ማይክሮስኮፕ ሥር የደም ስላይድ ላይ የወባ ተሕዋስያንን ቆጥረህ ስታስረክብ ቁጥሩ ወይ ልክ ነው ወይ ስሕተት ነው፤ የማን ልጅ መሆንህ ውጤቱን አይለውጠውም። ኖርዌይም ይህን ሙያ ያለ ፈቃድ አያሠራም። ፈቃድ አድልዎን አያጠፋም፤ ሆኖም የቀጣሪው ስሜት የሚወስንበትን ቦታ ያጠብበታል። የአጎትህ ልጅ ሙያ ግን ይህ መከላከያ የለውም።

አሁን ወደ አባትህ። አከብራቸዋለሁ፤ ውሳኔያቸው ግን ትክክል አይደለም። ኖርዌይ ቀድሞ በነጻ ታስተምር ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2023 መኸር ጀምሮ ግን ከአውሮፓ ውጭ ካለ አገር የሚሄድ አዲስ ተማሪ ከፍሎ ነው የሚማረው። ታናናሾችህን የሚመግበውን ቡና ላንተ ክፍያ ማዋል ልጅን መርዳት ሳይሆን ቤቱን በሙሉ በአንድ ሰው ዕድል ላይ ማስያዝ ነው። ማሳው ያፈራ ዘንድ ይተዉት። አንተም «አባቴ ፈቀደ» ብለህ ዝም አትበል፤ ከአጎትህ ጋር ሆነህ አባትህን አስረዳቸው።

መጀመሪያ የመውጫ ፈተናውን፣ ቀጥሎም የሙያ ፈቃድ ፈተናውን እለፍ። ከዚያ እዚሁ ጅማ ወይም አጋሮ ሆስፒታል ሁለት ዓመት ሠርተህ የሥራ ልምድ ደብዳቤህን ያዝ። ከዚያ በኋላ ሙሉ ወጪ የሚሸፍን የትምህርት ዕድል ብቻ አመልክት፤ ግማሹን የሚሸፍን ከመጣ እለፈው።

እንግሊዝኛህ ይበቃል፤ የላክህልኝ ደብዳቤ ይመሰክራል። በሃያ አራት ዓመትህም ገና አልረፈደብህም። የኖርዌይ ቋንቋን ግን ከዛሬ ጀምር፤ ፈቃዱ ያለ እሱ አይሰጥም፤ የአጎትህ ልጅም በሳምንት አንድ ቀን በስልክ ልታለማምድህ ትችላለች።