መልስ፦ የሪዩክዩ መኳንንት የየራሳቸው ግዛት ነበራቸው ወይ?

ወንድሜ፣ ዛሬ የጃፓን በሆኑት በኦኪናዋ ደሴቶች ስለነበረው የሪዩክዩ መንግሥት «አጂ የሚባሉት የሪዩክዩ መሳፍንት የራሳቸው ግዛትና ጦር ነበራቸው ወይ?» ላልከው፣ መጀመሪያ ላይ አዎ። ንጉሥ ሾ ሺን (እ.ኤ.አ. ከ1477 እስከ 1526 የነገሠው) ግን ከየምሽጋቸው አንሥቶ ዋና ከተማው ሹሪ አሰፈራቸው። ማዕረጉ ቀረላቸው፣ ጉልበቱ ግን ወደ ቤተ መንግሥት ገባ። ብልጥ ንጉሥ!

ከዚያ ወዲያ የዕለት ተዕለቱን አስተዳደር የያዙት ሳንሺካን የተባሉ ሦስት ሚኒስትሮች ናቸው። ከእነሱ በላይ ሰሴይ የሚባል እንደራሴ ነበረ፤ አብዛኛውን ጊዜ የንጉሡ ዘመድ ነበር። የሹመኛውን ደረጃ ለማወቅ ጥምጥሙን ማየት ይበቃ ነበር፦ ሐምራዊው ኡዌካታ የሚባለው ከፍተኛ ማዕረግ፣ ቢጫው ከሱ በታች ያለው ፔቺን፣ ቀዩ ከእነሱ ዝቅ ያለ።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ጃና ኡዌካታ ነው። ሳትሱማ የተባለው የጃፓን መስፍናዊ ግዛት በ1609 ደሴቶቹን ወርሮ ንጉሡንና ሹማምንቱን ማርኮ ከወሰደ በኋላ የታማኝነት መሐላ ፈርሙ አላቸው። ንጉሡ ሳይቀር ፈረመ። ከሳንሺካኖቹ አንዱ የነበረው ጃና ግን አልፈርምም ብሎ በ1611 አንገቱ ተቀላ።