የሌሊት ተረኝነት አገልግሎት ነው ወይስ ዘበኝነት?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር። የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። በየዓመቱ በሚዘጋጀው የወጣቶች ካምፕ በበጎ ፈቃድ ሳገለግል ይህ ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ኩሽና ነበርኩ። ዘንድሮ ደግሞ የሌሊት ተረኛ ተደርጌያለሁ። አብረውኝ ካደጉት ጓደኞቼ አንዱ የቡድን መሪ ነው፤ ሌላው ዝማሬ ይመራል። እነሱ ሲያገለግሉ እኔ እተኛለሁ፤ እነሱ ሲተኙ እኔ ባትሪ ይዤ በመኝታ ክፍሎቹ ዙሪያ እዞራለሁ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ቅር ብሎኛል። ይህ አገልግሎት ነው ወይስ ዘበኝነት? ምድቤ ይቀየርልኝ ብል ትዕቢት ይሆንብኛል? ሌላም ነገር አለ። ከወጣቶቹ ጋር ብቻችንን እንዳንሆን የሚከለክል ደንብ ወጥቷል። ስለ ፍቅርና ስለ መተማመን በሚሰበክበት ቦታ እንዲህ ያለ ደንብ ወንድሞችን መጠርጠር አይደለም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቅር እንዳለህ ሳትሸፋፍን መጻፍህን ወድጄዋለሁ። ብዙ ሰው ቅሬታውን ውጦ "የጌታ ፈቃድ ይሁን" እያለ ካምፕ ይገባል። ሦስተኛው ቀን ላይ ግን ፊቱ ያሳብቅበታል።

"ዘበኝነት" ያልከውን ቃል ልያዘው። ጥሩ ቃል ነውና። 1ኛ ዜና መዋዕል 9ን አውጣና ከቁጥር 17 ጀምረህ አንብብ። ምዕራፉ የስም ዝርዝር ስለሆነ ብዙዎቻችን ዘለነው እናልፋለን። በር ጠባቂዎቹ ጋ ሲደርስ ግን ጸሐፊው አይቸኩልም። ቁጥራቸው 212 ነበር ይላል። በአራቱም ማዕዘን ይቆሙ ነበር፤ በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ። በመንደር ያሉት ወንድሞቻቸው በየሰባት ቀኑ እየመጡ ያግዟቸው ነበር። ሌሊቱን በእግዚአብሔር ቤት ዙሪያ ያድራሉ፤ ጥበቃው የእነሱ ነውና። በየማለዳው በሩን የሚከፍቱትም እነሱ ናቸው። ለዚህ ሥራ የሾሟቸው ደግሞ ንጉሡ ዳዊትና ባለ ራእዩ ሳሙኤል ናቸው።

የሳሙኤል ስም እዚያ መግባቱ ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል። ሳሙኤል ራሱ ልጅ ሳለ በእግዚአብሔር ቤት ያድር ነበር። በ1ኛ ሳሙኤል 3 ያለውን ሌሊት ታውቀዋለህ። ልጁ ድምፅ ሰማና ወደ ዔሊ ሮጠ። "ጠርተኸኛልና መጣሁ" አለው። ዔሊ አልጠራሁህም፣ ተመልሰህ ተኛ አለው። ሁለተኛም መጣ፤ ሁለተኛም ተመልሰህ ተኛ ተባለ። እግዚአብሔር ልጁን እየጠራው እንደሆነ ዔሊ የገባው በሦስተኛው ነው። እኛ ይህን ታሪክ ስንሰብክ ሁሌ ከሳሙኤል ወገን ሆነን ነው። አንተ ግን ዘንድሮ ከዔሊ ወገን ሆነህ አንብበው። ሌሊት ነው። ሁሉም ተኝቷል። አንድ ልጅ እንቅልፍ አጥቶ ፊትህ ቆሟል። ምን እንደሆነ ራሱም በቅጡ አያውቅም። "ሂድ ተኛ" ማለት ቀላል ነው።

ደግሞ ያን ሌሊት የሳሙኤል ዓይን በእንቅልፍ የጠገበ አይመስለኝም። ሲነጋ ግን ተነሥቶ የእግዚአብሔርን ቤት ደጆች ከፈተ። በር ጠባቂዎችን የሾመው ሰው በልጅነቱ በር ከፋች ነበር ማለት ነው። እንግዲህ አንተ ዘበኝነት ያልከው ሥራ የጀመረው ከእንዲህ ዓይነት ሰዎች ነው።

ካምፕ ላይ ቀኑ ጫጫታ ነው። ጨዋታ አለ፣ ጥናት አለ፣ ዝማሬ አለ። ልጁ የሚያስብበት ጊዜ የለውም። የቤቱ ናፍቆት የሚመጣው መብራት ሲጠፋ ነው። ሆድ ቁርጠቱም ያኔ ነው። በምሽቱ ጥሪ ላይ እጁን ያነሣው ወጣትም "አሁን ምን ሆንኩ? ነገ ቤት ስገባ ምን እላለሁ?" ብሎ የሚጨነቀው አልጋው ላይ ከተጋደመ በኋላ ነው። ያን ሰዓት ሰባኪው ተኝቷል። ዝማሬ መሪውም ድምፁን ለማሳረፍ ተኝቷል። የነቃኸው አንተ ነህ።

እኔ ራሴ ካምፕ ሳስተባብር የሠራሁትን ጥፋት ልንገርህ። የሌሊት ተረኝነትን እንደ ትርፍ ሥራ ነበር የማየው። ቀኑን ሙሉ ልጆች ሲያጫውት የዋለን አንድ ወጣት "ማታ ደግሞ አንተ ጠብቅ" አልኩት። ደግ ልጅ ነውና እሺ አለ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ወንበሩ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ጣለው። ሊነጋጋ ሲል ስወጣ አንድ የ13 ዓመት ልጅ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘሁ። ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦታል። እግሩ ባዶ ነው። ግንባሩን ስነካው ይፋጃል። "ለምን አልቀሰቀስከውም?" አልኩት። "ደክሞት ነበራ" አለኝ። ትኩሳት እየጠበሰው ለጠባቂው አዘነ። ተረኛውን አልተቆጣሁትም። የምቆጣው በራሴ ነበር። የመደብኩት ክፍተት ለመሙላት እንጂ ለልጆቹ ብዬ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የምመድበው የሌሊቱን ሰው ነው።

ስለ ኩሽናውም አንድ ቃል ልጨምር። ሐዋርያት ሥራ 6 ላይ የመበለቶቹ የዕለት እርዳታ ሲጓደል ማጉረምረም ተነሣ። ሐዋርያቱ ለማዕድ አገልግሎት ሰባት ሰዎች ምረጡ ሲሉ ጉልበት ያላቸውን ምረጡ አላሉም። መልካም ምስክር ያላቸውን፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸውን ነው ያሉት። ከሰባቱ መጀመሪያ ስሙ የተጠራው እስጢፋኖስ ነው። ስለዚህ ያለፉት ሁለት ዓመታትህ ባከኑ ብለህ አታስብ።

አሁን ወደ ጭንቀትህ እንምጣ። ይቀየርልኝ ማለት ትዕቢት ነው ወይ? አይደለም። ጥያቄ ጥያቄ ነው። ትዕቢት የሚሆነው እምቢ ሲባል ካኮረፍክ ነው። ለሌሊቱ ሰውነትህ የማይሆን ከሆነ፣ ወይም የማስተማር ጸጋ አለኝ ብለህ የምታምን ከሆነ፣ ለአስተባባሪው በግልጽ ንገረው። ግን በጊዜ ይሁን። ምድብ ሳይወጣ እንጂ ካምፑ በተጀመረ በሁለተኛው ቀን አይሁን። ያኔ አንድ ሰው ሲነቀል ሦስት ቦታ ይናጋል።

ከመናገርህ በፊት ግን ለብቻህ ሆነህ ይህን መርምር፤ የምትፈልገው ሥራውን ነው ወይስ ቦታውን? የቡድን መሪነት ከሩቅ እንደሚታየው አይደለም። ቡድን መሪ ልጆቹ ሳይነሡ ይነሣል። ከየፕሮግራሙ በፊትና በኋላ ልጅ ይቆጥራል። ማን ምሳውን እንዳልነካ ያያል፤ ማን ለብቻው እንደተቀመጠ ያያል። የአሜሪካ ካምፖች ማኅበር ለአዳር ካምፕ ባስቀመጠው መለኪያ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ለ8 ልጆች፣ ከ15 እስከ 18 ላሉ ደግሞ ለ10 ወጣቶች አንድ ኃላፊ ያስፈልጋል። ዘጸአት 18 ላይ ዮቶር ለሙሴ የመከረውን አስታወስከው? የአለቆቹ ትንሹ ክፍል የአሥር አለቃ ነበር። አንድ ሰው በስም የሚያውቀውና በዓይኑ የሚከታተለው ሰው ያን ያህል ነው። ይህን ሥራ ከወደድከው ካምፕ እስኪመጣ አትጠብቅ። ዓመቱን ሙሉ በአጥቢያህ ጥቂት ወጣቶችን ይዘህ ቃሉን አጥና። በሚቀጥለው ዓመት አስተባባሪው ራሱ ይፈልግሃል።

ይህን የሚያነቡ አስተባባሪዎች ካሉ ደግሞ አንድ ነገር ልበላቸው። እሺ የሚልን ሰው በየዓመቱ ከባዱ ቦታ ላይ አትርሱት። የማያማርር ሰው አይደክመውም ማለት አይደለም። እነዚያ በር ጠባቂዎች እንኳ በየሰባት ቀኑ የሚያግዛቸው ነበር። ካምፑ ሲዘጋ ምስጋና ሲቀርብም መድረክ ላይ የታዩትን ብቻ አትጥሩ። ዳዊት አማሌቃውያንን ሲያሳድድ ከ600 ሰዎቹ 200ዎቹ ደክመው በቦሦር ወንዝ ዕቃ ሲጠብቁ ቀርተዋል። 400ዎቹ ድል አድርገው ሲመለሱ አንዳንዶቹ ለቀሩት ምርኮ አንሰጥም አሉ። ዳዊት አይሆንም አለ። የዘመተውም ዕቃ የጠበቀውም እኩል ይካፈላሉ ብሎ ለእስራኤል ሥርዓት አደረገው (1ኛ ሳሙኤል 30፥24-25)።

በስብከት ሰዓት ስለ መተኛትህም በደለኛነት አይሰማህ። የማይተኛና የማያንቀላፋ የእስራኤል ጠባቂ አንድ ብቻ ነው (መዝሙር 121፥4)። አንተ ቀን ካልተኛህ ሌሊት አትጠብቅም። ሆኖም ቢያንስ የአንዱን ምሽት መልእክት እንድትሰማ ተራ እንዲያስተካክሉልህ ጠይቅ። ነፍስህም መመገብ አለባት።

ወደ ደንቡ ልለፍ። እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ ልናገር ነው፤ ታገሠኝ።

ወደዚያው ሌሊት እንመለስ። ሳሙኤል "ባሪያህ ይሰማልና ተናገር" ካለ በኋላ የሰማው መልእክት ምን ነበር? ብዙ ጊዜ ስብከታችን እዚያ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። መልእክቱ ስለ ዔሊ ቤት ነበር። የዔሊ ልጆች ካህናት ነበሩ። በመገናኛው ድንኳን ደጅ ከሚያገለግሉት ሴቶች ጋር ይተኙ ነበር (2፥22)። አስብ፤ በአገልግሎት ቦታ፣ በአገልጋዮች ላይ። ዔሊ ይህን ሰምቷል። በቃል ገሥጿቸዋል። አልከለከላቸውም ግን። የእግዚአብሔርም ክስ ይኸው ነው፤ እያወቀ አልከለከላቸውም (3፥13)። ልጁ ሳሙኤል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው የእግዚአብሔር ቃል፣ ስልጣናቸውን ለክፋት ስላዋሉ አገልጋዮችና አውቆ ዝም ስላለ አለቃ ነበር።

እንግዲህ ደንቡ ጥርጣሬ ነው ወይ? ደንቡ "አንተ ክፉ ነህ" አይልህም። ልጅን የሚጎዳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ልጁ የሚያውቀውና የሚያምነው ሰው ነው። ግንባሩ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ስለዚህ ደንቡ ለመልካሙም ለክፉውም እኩል መሥራት አለበት። "እሱማ ይታመናል" እየተባለ ሰው ከደንብ ውጭ የሚደረግበት ካምፕ በሩ ክፍት ነው። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ምእመናን የተሰበሰበውን ገንዘብ ሲልክ ቲቶን ብቻውን አላከውም። ሁለት ወንድሞችን ጨመረለት። ምክንያቱንም ጽፏል፤ ማንም እንዳይነቅፈን፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እናስባለን አለ (2ኛ ቆሮንቶስ 8፥20-21)። ቲቶን ስለጠረጠረው አይደለም። ለገንዘብ ይህን ያህል ከተጠነቀቅን ለልጅ ምን ያህል ልንጠነቀቅ ይገባል?

ሌሊት ላይ ይህ እንዲህ ይሆናል። ልጁ መጣ እንበል። በሩ ክፍት በሆነበት፣ መብራት ባለበት፣ ጓደኛህ ተረኛ በሚያይህ ቦታ ትቀመጣላችሁ። የምታወሩትን ሌላው ባይሰማ ችግር የለውም፤ ማየቱ ይበቃል። መኝታ ክፍል ውስጥ ብቻህን አትግባ። የሴቶቹን መኝታ ሴቶች ይጠብቁ። መድኃኒት በራስህ አትስጥ፤ ለሕክምናው የተመደበውን ሰው ቀስቅስ። ካምፑ ካለቀ በኋላም ከልጁ ጋር በስልክ ለብቻህ መልእክት አትለዋወጥ፤ የአጥቢያውን የወጣት አገልጋይ ወይም ወላጁን አገናኝ።

ከሁሉ በላይ ይህን ያዝ። ልጁ "ለማንም አትናገርም?" ብሎ ሊጠይቅህ ይችላል። ቃል አትግባ። "የምትነግረኝ ነገር አንተን የሚጎዳ ከሆነ ሊረዳህ ለሚችል ሰው መንገር አለብኝ" በለው። ዝም ካለ ይበል፤ ዋሽተኸው ከሚናገር ይሻላል። ሰው ጎድቶኛል ካለህ ደግሞ አትመርምረው። "እርግጠኛ ነህ?" አትበለው። ጥፋቱ የአንተ አይደለም በለው፤ ስለነገርከኝ ጥሩ አደረግህ በለው። ያለውን በራሱ ቃል ጻፈውና በዚያው ሌሊት ለሚመለከተው ኃላፊ አሳውቅ። የተከሰሰው አስተባባሪው ራሱ ቢሆን እንኳ ከእሱ በላይ ወዳለው ሂድ። ሕግ የሚጠይቀው ነገር ካለም ለሕግ ይነገር። "የቤተ ክርስቲያን ስም እንዳይጠፋ" የሚል ካለ የዔሊን ቤት አስታውሰው።

ለጊዜው ግን አንድ ነገር አድርግ። ካምፑ ሳይጀመር ለአስተባባሪህ ደውልና "ከእኔ ጋር የሚያድረው ሁለተኛው ተረኛ ማን ነው?" ብለህ ጠይቅ። ስም ከነገረህ፣ ያን ሰው አግኘውና አብራችሁ ጸልዩ፤ ሰዓቱንም ተከፋፈሉ። "አንተ ብቻህን ትበቃለህ" ካለህ ግን ሁለተኛ ሰው እስኪመደብ ድረስ ምድቡን አልቀበልም በል። ይህ ትዕቢት አይደለም።