አያት፣ ሕፃንና ነፍሰ ጡር ይዞ ጣናን ለመሻገር

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ባለፈው ፋሲካ ዘጠኝ ሆናችሁ ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ ልሳነ ምድር ወጣችሁ፤ አያትሽ በውኃ ራሱ፣ እናትሽ ሲያስመልሳቸው ዋለ፣ አክስትሽ ክብራን ገብርኤል የሚባለው የደሴት ገዳም ዳርቻ ላይ ብቻቸውን ቀሩ፣ የአራት ዓመቱ የወንድምሽ ልጅ ደግሞ ደንገል ሥር ሲንቦጫረቅ ዋለ። አሁን ለመስቀል ከደብረ ማርቆስ እንደገና ሊመጡ ነው። ታላቅ እህትሽ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፣ አጎትሽ ዘጌንና ጢስ ዓባይን በአንድ ቀን ካላየን ብለዋል፣ ሁሉን አሰናጂ የተባልሽው አንቺ ነሽ። «ጥፋቱ የኔ ነበር ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ አይደለም። የደረሰባችሁ ሁሉ ጣና ላይ በየጊዜው የሚደርስ ነው፤ ምክንያቱም ስለሚታወቅ በዋዜማው ማስቀረት ይቻላል።

ከሰዓቱ ልጀምር፤ ከሌላው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። የወጣችሁት ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ነው። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል። ፀሐይ እየከረረች ስትሄድ ግን የብሱ ከውኃው ቀድሞ ይሞቃል፣ የብሱ ላይ ያለው አየር ወደ ላይ ይነሳል፣ ቦታውን ሊሞላ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይገባል። ከቀኑ 7 እና 8 ሰዓት ላይ ነፋሱ ይበረታል። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን በጣም ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ላይ የሚነሳ ሞገድ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። ጀልባውን ከፍ አድርጎ በዝግታ አያወርደውም፣ ይደበድበዋል። በ5 ሰዓት ወጥቶ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ተጉዞ፣ ሁለት ገዳም አይቶ የሚመለስ ሰው መንገድ ላይ የሚያገኘው ይህንኑ ነው። አያትሽ የራሱትም፣ እናትሽ ያስመለሳቸውም በዚያ ሰዓት ነው።

ስለዚህ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወደቡ ጋ ተሰብሰቡ፣ 1 ሰዓት ላይ ጀልባው ይነሳ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ሳያልፍ ባሕር ዳር ተመለሱ። መስከረም ላይ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ያለው ዝናብ ገና አልወጣም። ክፍት ውኃ ላይ መብረቅ የሚያገኘው ከፍ ያለ ነገር ጀልባውና የተቀመጡበት ሰዎች ናቸው። ሰማዩ ጠቁሮ ገዳም ላይ ካላችሁ እዚያው ቆዩ፤ ባለጀልባው ቢቸኩልም አትሳፈሩ።

ባለጀልባውን በዋዜማው አነጋግሪ። ዋጋው ለሰው ሳይሆን ለጀልባው መሆኑን፣ የት የት እንደምትቆሙ፣ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃችሁና ሌላ ተሳፋሪ እንደማይጨምር ተስማሙ። ጠዋት ወደቡ ላይ ቤተሰብ እየጠበቀ የሚደረግ ድርድር አንድ ሰዓት ይበላል፤ ያ አንድ ሰዓት ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሆኖ ይመጣል። ከዋጋው እኩል መጠየቅ ያለበት ዕቃው ነው፦ ለዘጠኝ ሰው ላይፍ ጃኬት (ውኃ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ) አለ ወይ? የልጅ አለ ወይ? ትርፍ ነዳጅ፣ መቅዘፊያ፣ ገመድ፣ የተሞላ ስልክ ይዟል ወይ? መቅዘፊያ የሌለው የሞተር ጀልባ ሞተሩ የጠፋ ቀን ነፋስ ወደወሰደው ይሄዳል። ሞተር የሚጠፋውም ሁልጊዜ በብልሽት አይደለም። የፕሮፔለሩ (ጀልባውን የሚገፋው የሞተሩ ተሽከርካሪ) ምላስ ላይ ደንገል፣ የዓሣ መረብ ወይም እምቦጭ ሲጠመጠም ይቆማል፤ ባለጀልባው ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከውኃ አንሥቶ፣ በቢላ ቆርጦ ያወጣዋል። ያን ጊዜ ሁሉም ተቀምጦ ይጠብቅ። ለማየት ብሎ ዘጠኝ ሰው ወደ ኋላ ቢሄድ የኋላው ጠርዝ ውኃ ይቀዳል።

ላይፍ ጃኬት ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ልጁ ላይ ነው። የአዋቂ ጃኬት የለበሰ ልጅ ውኃ ውስጥ ሲገባ ጃኬቱ ይንሳፈፋል፣ ልጁ ግን ከሥሩ ሾልኮ ይወርዳል። መለያው ላይ ስንት ኪሎ ለሚመዝን እንደሆነ ተጽፏል፣ እሱን እዪ። ከዚያ አልብሰሽ፣ ዘለበቶቹን ሁሉ አጥብቀሽ፣ ትከሻው ላይ ይዘሽ ወደ ላይ ሳቢ። ጃኬቱ አገጩን አልፎ ወደ ጆሮው ከወጣ ሰፊ ነው። የልጅ ጃኬት ፈጽሞ ካልተገኘ መቀነት ከአዋቂው ጃኬት የኋላ ጠርዝ አሥረሽ፣ በእግሮቹ መካከል አሳልፈሽ፣ ከፊት ቋጠሪው፤ እንዳይሾልክ ይረዳል፣ ትክክለኛውን ጃኬት ግን አይተካም። በዋዜማው ፈልጊ የምልሽ ለዚህ ነው።

አጎትሽ «እኔ ዋና እችላለሁ፣ ይሄ ለሕፃን ነው» ካሉ ክርክር ውስጥ አትግቢ። መጀመሪያ አያትሽን አልብሺ፤ እሳቸው ለብሰው ወንድ ልጅ እንቢ ሲል ያፍራል። ባለጀልባውንም «ሁሉም ካልለበሰ ሞተር አላስነሣም» እንዲል ለብቻው ንገሪው። ከአንቺ አፍ ሲወጣ ድፍረት የሚመስለው ከሱ አፍ ሲወጣ ሥርዓት ይሆናል። ደግሞም እውነት ነው፤ የሚሰጥመው ዋና የማይችል ብቻ አይደለም፣ ጫማና ኮት ለብሶ ወድቆ ጭንቅላቱን የተመታውም ነው።

አቀማመጡን አንቺ ወስኚ። ሞገድ ሲኖር የበለጠ የሚነሳውና የሚወድቀው የጀልባው አፍንጫ ነው፤ እዚያ ወጣቶቹ ይቀመጡ። አያትሽና እህትሽ ከመካከል ትንሽ ወደ ኋላ ይሁኑ፣ የቤንዚኑ ጭስ እንዳያገኛቸው ግን ሞተሩ አጠገብ አይደለም። ከሥራቸው የታጠፈ ጋቢ ይነጠፍ። ከባድ ሰው ሁሉ በአንድ ወገን አይሁን። ጃንጥላ ጀልባ ላይ አይዘርጉ፤ ነፋስ ይይዝና ሰውየውንም ይስባል። የነጠላና የጋቢ ጫፍ ከጠርዙ ወደ ውጭ አይንጠልጠል። ጠዋት ውኃው ላይ ይበርዳል፣ አያትሽ ጋቢ ያስፈልጋቸዋል፤ በፌስታል የታሰረ አንድ ደረቅ ሹራብ ደግሞ ለብቻው ይያዝ፣ የራሰ ጋቢ ለብሶ አንድ ሰዓት መጓዝ ያሳምማልና።

ማስመለሱ ዓይንና ጆሮ ስለማይስማሙ የሚመጣ ነው። የውስጥ ጆሮ መንቀጥቀጡን ይሰማል፣ ዓይን ግን ቦርሳ ወይም ስልክ ላይ ሲተከል ሁሉም የቆመ ይመስለዋል፤ አንጎል በዚህ ይታወካል። እናትሽ ፊታቸውን ወደ ሚሄዱበት አዙረው ርቆ የሚታየውን ዳርቻ ይመልከቱ። ባዶ ሆድም ጠግቦ መብላትም ያባብሳል፤ ከመነሣት አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ደረቅ ዳቦና ቀለል ያለ የዝንጅብል ሻይ ይበቃል። የጉዞ ማቅለሽለሽ መድኃኒት ከተወሰደ ከመሳፈር ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት በፊት ነው፤ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይሠራም። እህትሽ ግን ሐኪሟን ሳትጠይቅ ምንም አትዋጥ። ጉዞውንም ራሱን ትጠይቅበት፤ ደም ካየች ወይም ሆዷን የሚቆርጣት ከሆነ ቤት ትቅር፣ አንድ ሰው አብሯት ይቆይ።

አሁን የት ትሄዳላችሁ የሚለው። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባበትም፣ ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ። አክስትሽ የቀሩት ማንም አስቀድሞ ስላልነገራቸው ነው፤ ከቤታቸው ተስለው የመጡ ሴት ዳርቻ ላይ ሲነገራቸው ያሳዝናል። ከክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ሴቶችን ይቀበላል። ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎቹ የሚደነቁ ናቸው፣ መንገዱ ግን ድንጋያማና ዳገት ነው፤ ለደህና እግር ሩብ ሰዓት የሚሆነው ጉልበት ለሚያማቸው አያት እጥፍ ይሆናል፣ ቁልቁለቱ ደግሞ ከዳገቱ ይብሳል። አዝዋ ማርያም ከወደቡ በጣም ይቀርባል። አያትሽና እህትሽ አዝዋ ተሳልመው ጥላ ሥር ያርፉ፣ አንድ ሰው ከነሱ ጋር ይሁን፣ የቀራችሁት ዑራ ደርሳችሁ ተመለሱ። ለሁለቱም ያ እንኳ ከበዛ ደብረ ማርያም አለች፤ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ፣ ከከተማው ቅርብ ናት፤ በዚያው ጉማሬ የማየት ዕድልም አለ፣ ከሩቅ እንጂ ተጠግቶ አይደለም። ናርጋ ሥላሴን እንጨምር የሚል ከመጣ አትቀበይ፤ ያለበት ደቅ ደሴት በሰዓታት የሚቆጠር ጉዞ ነው፣ ለብቻው ቀን ይፈልጋል።

አንዲት ሴት የወር ልማዷ ላይ ሆና ቤተ ክርስቲያን መግባት የማትችል እንደሆነ በአጎት ፊት የሚጠየቅ ነገር አይደለም። «ግቢው ጥላ ሥር ከዕቃው ጋር የሚቆይ አንድ ሰው እንፈልጋለን» ብለሽ አስቀድመሽ ተናገሪ፤ የፈለገች ራሷ ትመርጣለች። ሁሉም ነጠላ ይያዝ፣ ጫማው በቀላሉ የሚወልቅ ይሁን። መግቢያ ክፍያ በየገዳሙ ለየብቻው ነው፤ መታወቂያና ዝርዝር ብር ያዙ፣ ደሴት ላይ ኔትወርክ ጠፍቶ በስልክ እከፍላለሁ ማለት አይሆንም። ልጁ ጫካው ውስጥ ሲሄድ ለምን በሬና እርሻ እንደማያይ ንገሩት፦ በትውፊቱ አቡነ በትረ ማርያም ለዘጌ ሰው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሰጥተው መሬቱን በበሬ አትረሱ ብለውታል ይባላል። ይህን እያወሩ ሲሄዱ ዳገቱ ለልጅም ለአዋቂም ያጥራል። ሙዝ በእጁ ይዞ ግን አይሂድ፣ ጦጣ ይነጥቀዋል፤ ሲነጥቅም ሊቧጭር ይችላል።

የልጁ ውኃ ውስጥ መንቦጫረቅ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ነው። ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ትል የሚኖረው መካከል ላይ ባለው ጥልቅ ውኃ ሳይሆን ዳርቻው ላይ፣ ሣርና ደንገል ባለበት፣ ቀንድ አውጣው በሚኖርበት ጥልቀት የሌለው ውኃ ነው፤ ለልጅ የሚያምረውም ያ ነው። ትሉ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ በቆዳ ይገባል፣ ደቂቃዎች ይበቁታል። ቶሎ በፎጣ ማሸት ይረዳል፣ ዋስትና ግን አይደለም። ከፋሲካ ወዲህ ወራት ስላለፉ የሰገራ ምርመራ ያድርግለት፤ ቢገኝበት መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ በሰውነት ክብደት ልክ በጤና ባለሙያ ይሰጣል። ሆዱን ባያመውም ይመርመር፣ መጀመሪያ ላይ ምልክት ላያሳይ ይችላልና። በዚህኛው ጉዞ ሲወርድና ሲሳፈር ተሸክማችሁ አሻግሩት፣ ለመታጠብ ከቤት ውኃ ያዙ።

ምግብን በአጭሩ፦ ወጥ ይዞ መሄድ ይቅር። ለሰው ከ1.5 እስከ 2 ሊትር ውኃ፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ብርቱካን ይበቃል፤ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውልም አያስቸግርም። ምሳ ተመልሳችሁ ትበላላችሁ። ከመሳፈር በፊት ሁሉም መጸዳጃ ቤት ይሂድ፣ አያት ያፍራሉ፣ አንቺ አስታውሺ።

አንድ ሰው ውኃ ውስጥ ቢወድቅ መጀመሪያ ሞተሩ ይጥፋ፤ ከመስጠሙ በፊት ፕሮፔለሩ ሊጎዳው ይችላል። ማንም ተከትሎ አይዝለል። ገመድ የታሰረበት፣ ክዳኑ የጠበቀ ባዶ የ10 ሊትር ጀሪካን ይወርወርለት፤ አዋቂ ሰው ታቅፎት መንሳፈፍ ይችላል። አንድ ጀሪካን እንዲህ አዘጋጅተሽ ከጀልባው አስገቢ። ጀልባው ቢገለበጥ ደግሞ ጀልባውን መያዝ እንጂ ወደ ዳር መዋኘት አይደለም፤ ዳርቻው ከሚታየው በላይ ሩቅ ነው።

ጢስ ዓባይን ለማግስቱ አሳድሪው። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በመስከረም ውኃው ሙሉ ስለሆነ አጎትሽ ብዙም አይቆጡም። መንገዱ ክፍትና ሰላም መሆኑን ዋዜማውን ጠይቂ። በድንጋይ ድልድዩ በኩል ያለው መንገድ ቁልቁለትና ዳገት ነው፣ ጭቃውም ያንሸራትታል፤ ለአያትሽ ከፏፏቴው በላይ በጀልባ ተሻግሮ ሜዳ ሜዳውን መሄድ ይሻላል። ወንዙ ከልክ በላይ ሲሞላ ግን ያ ጀልባ አይሠራም፤ ያን ቀን እሳቸው ከእህትሽ ጋር ባሕር ዳር ይዋሉ።

የማታው ነገር፦ መስከረም የወባ ወቅት መግቢያ ነው። ደጋ የለመደ እንግዳ አጎበር አይጠይቅም። ለእህትሽና ለልጁ አጎበር መኖሩን እንግዶቹ ሳይመጡ አረጋግጪ፣ ቀዳዳውን ስፊ፣ ጠርዙን ፍራሽ ሥር አስገቢ። የልጁ ላይፍ ጃኬት ለስንት ኪሎ የሚሆን እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ክብደቱን ከእናቱ ጠይቂና እዚህ ጻፊልኝ፤ በመስቀል ሰሞን ጀልባው ሁሉ ስለሚያዝ ከሳምንት በፊት መፈለግ አለበት።