በደቡብ ፍሎሪዳ ሳይክል ስለመንዳት ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። መንገድ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ዛሬ ከሰዓት ቁጭ ብዬ ልመልስ ብያለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር። እዚህ ተራራ የለም፤ ተራራችን ንፋሱ ነው። መንገድ ስትጠይቁኝ መነሻችሁን፣ ሰዓቱንና ስንት ማይል እንደምትፈልጉ አብራችሁ ንገሩኝ። የፊትና የኋላ መብራት ሳታበሩ ደግሞ ከቤት አትውጡ፤ ቀንም ቢሆን።

አባ ንፋሱ

የቦሌ ልጅ፦ አባ ንፋሱ ሰላም ነው? የትኛው መንገድ ይሻላል?

አባ ንፋሱ፦ ለምን? ከየት ተነስተህ? በስንት ሰዓት? ከላይ የጻፍኩትን አንብብና እንደገና ጠይቀኝ።

ሚሚ፦ ሳይክል ከገዛሁ ሁለት ወሬ ነው። መኪና በጣም እፈራለሁ። መኪና የሌለበት ቦታ አለ?

አባ ንፋሱ፦ አለ እህቴ። ሻርክ ቫሊ ሂጂ። በኤቨርግሌድስ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከታሚያሚ ትሬይል መንገድ ዳር ነው። 15 ማይል (24 ኪሎ ሜትር) የሆነ አስፋልት ዞሮ መነሻው ላይ ይመልስሻል። የግል መኪና አይገባበትም፤ ጎብኚ የሚያመላልሰው የፓርኩ ተሽከርካሪ ብቻ ነው የሚያልፈው። መሃል ላይ ማማ አለ። ወጥተሽ ስታዪ እስከ አድማስ ድረስ ሣርና ውሃ ብቻ ነው።

አዞዎቹ (አሊጌተር ነው ስማቸው) አስፋልቱ ዳር ተኝተው ፀሐይ ይሞቃሉ። አያሳድዱሽም፤ አንቺም አትጠጊያቸው። የፓርኩ መመሪያ ቢያንስ 15 ጫማ ራቁ ይላል። መንገዱን ዘግቶ የተኛ ካለ ወርደሽ ጠብቂ። መሃል ላይ ጥላ የሚባል ነገር የለም፤ ከሚበቃሽ በላይ ውሃ ያዢ፣ በጠዋት ግቢ። መብራትሽንም አብሪ።

ዳኒ፦ ከፎርት ላውደርዴል ተነስቼ በኤ ዋን ኤ ወደ ሰሜን እነዳለሁ። ስሄድ እበራለሁ፤ ስመለስ እሞታለሁ። አቅሜ ነው እንዴ?

አባ ንፋሱ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ዳኒ፣ አቅምህ ምንም አልሆነም፤ አቅጣጫህ ነው የተሳሳተው።

ኤ ዋን ኤ ባሕሩን ይዞ ከደቡብ ወደ ሰሜን የተዘረጋ መንገድ ነው። ንፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከባሕሩ፣ ማለትም ከምሥራቅ ይመጣል። ሰው ይሄን ሲሰማ «እንግዲያው የጎን ንፋስ ነው፣ ሄድኩ መጣሁ ያው ነው» ይላል። ያው አይደለም። በሞቃቱ ወራት ንፋሱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያዘነብላል። ያኔ ወደ ሰሜን ስትሄድ ቀስ ብሎ ከኋላ ይገፋሃል። ከኋላ የሚገፋ ንፋስ ደግሞ አይሰማም። ጆሮህ ጸጥ ይላል፣ «ዛሬ እግሬ ተፈታ» ትላለህ። ስትዞር ነው ሂሳቡ የሚመጣው፤ ያውም ደክመህ፣ ውሃህ አልቆ፣ ፀሐይዋ አናትህ ላይ ሆና።

በኅዳርና በየካቲት መካከል ነገሩ ይገለበጣል። ቀዝቃዛ አየር ከሰሜን ሲገባ ንፋሱ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ይዞራል። ከመግባቱ በፊት ከደቡብ ይነፍሳል፤ ቀጥሎ ከምዕራብ፣ ከዚያ ከሰሜን፣ በመጨረሻ ከሰሜን ምሥራቅ። ንፋሱ ወደ ሰሜን ወገን ከዞረ በኋላ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ውጣ። ደንቡ አንድ ነው፦ ጉልበት ሳለህ ንፋሱን ግጠመው፣ ሲደክምህ እሱ ይመልስህ።

በቀኑ ውስጥም ይለዋወጣል። ጎህ ሲቀድ ንፋሱ ተኝቷል። ፀሐይ ስትወጣ የብሱ ከባሕሩ ቀድሞ ይሞቃል። የሞቀው አየር ሽቅብ ሲወጣ፣ የባሕሩ ቀዝቃዛ አየር ቦታውን ሊሞላ ይገባል። ረፋዱ ላይ ጀምሮ እስከ ከሰዓት ይበረታል። ስለዚህ በጠዋት ውጡ ስል ስለ ሙቀቱ ብቻ አይደለም።

ቁጥር ለሚወድ ሰው ደግሞ ይኸው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ስትነዳ 20 የሚሆን ንፋስ ፊት ለፊት ከመጣ፣ ደረትህ ላይ የሚመታህ አየር 50 ነው። የአየሩ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ ይሆንብሃል። «ስመለስ ይካካሳል» የሚል ደግሞ አይጠፋም። አይካካስም። 40 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ በ30 ብትሄድ 80 ደቂቃ ነው። በ20 ሄደህ በ40 ብትመለስ ግን 60 እና 30፣ በድምሩ 90 ደቂቃ። በዝግታው ላይ የምታጠፋው ጊዜ ይበዛልና።

ከመነሳትህ በፊት ባሕር ዳር ቁምና የዘንባባውን ቅጠል እይ። ቅጠሉ እንደ ፀጉር ወደ አንድ ወገን ከተበጠረ ንፋሱ ቀላል አይደለም። የነፍስ አድኖቹ ማማ ላይ ያለው ባንዲራ ቀጥ ብሎ ከተዘረጋ ያሰብከውን ርቀት ቀንስ።

እንጦጦ 77፦ አባ ንፋሱ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እኔ ሜዳ ላይ መንዳትን ሳይክል መንዳት አልለውም። እንጦጦን የወጣ ሰው እዚህ ምን ያቅተዋል?

የሐዋሳ ልጅ፦ ወንድሜ፣ እንጦጦን ከወጣህ በኋላ ትወርዳለህ አይደል? ቁልቁለቱ ላይ እግርህ ያርፋል። እዚህ ማን ያሳርፍሃል? ሦስት ሰዓት ሙሉ መርገጥ ነው።

እንጦጦ 77፦ ዋናው ሳንባ ነው። 3000 ሜትር ገደማ ላይ የለመደ ሳንባ ባሕር ወለል ላይ ሲወርድ አየሩ እንደ ልብ ነው።

የሐዋሳ ልጅ፦ አየሩ እንደ ልብ ነው፣ ግን ግማሹ ውሃ ነው። ላብህ አይደርቅም እኮ። ሐዋሳም ባሕር ዳርም ሳይክል የበዛው ሜዳ ስለሆኑ ነው። ሜዳን አትናቅ።

ቤቲ፦ ባሕር ዳር ስትል ናፈቀኝ። ጣና ዳር ጠዋት ጠዋት...

አባ ንፋሱ፦ ልጆች፣ ወደ ጉዳዩ እንመለስ። የሐዋሳው ልጅ ስለ ላቡ ልክ ነው። ሰውነት የሚቀዘቅዘው ላብ ሲተን ነው፤ አየሩ እርጥበት ከጠገበ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም። ስለዚህ ውሃ ብቻ ሳይሆን ጨውም መተካት አለበት። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ጉዞው አልቋል፤ ጥላ ፈልጉ። ስለ መርገጡም ልክ ነው። ሜዳ ላይ ሰው ከኮርቻው ስለማይነሳ መቀመጫው ይደነዝዛል። መንገዱ ባያስገድዳችሁም በየአሥር ደቂቃው ከኮርቻው ተነስታችሁ ትንሽ ርገጡ።

አዲስ ገቢ፦ የጎማው ስፋት 25 ሚሊ ሜትር ይሁን 28?

አባ ንፋሱ፦ 28፣ ሳይክልህ ካስገባልህ። ትርፍ ካላማዳሪና ፓምፕ መያዝ ግን ከሚሊሜትሩ ይበልጣል።

ሳሚ፦ ዝናብ ቢይዘኝስ?

አባ ንፋሱ፦ ዝናቡ ችግር የለውም፤ መብረቁ ነው። የዝናቡ ወቅት ልክ እንደ አገር ቤት ክረምት ነው፤ ከግንቦት እስከ ጥቅምት መጀመሪያ። ጠዋት ጥርት ብሎ ይውልና ከሰዓት ደመናው ይቆለላል። ነጎድጓድ ከሰማህ ሕንፃ ውስጥ ወይም መኪና ውስጥ ግባ። ዛፍ ሥር አትቁም። የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማህ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጣ። አሁንም እደግመዋለሁ፣ በጠዋት ውጡ።

እርጥብ ሲሆን ሌላም ነገር አለ። ለጀልባ የሚከፈቱት ድልድዮች መሃላቸው የብረት ፍርግርግ ነው። ዝናብ ሲነካው ሳሙና ነው። መሪህን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ ፍሬን አትንካ፣ አትታጠፍ። ካልተማመንክ ወርደህ ግፋ። ይሄ ነውር የለውም።

የቦሌ ልጅ፦ እሺ ይቅርታ። ከብሪክል (ማያሚ መሃል) ነው የምነሳው፣ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ፣ 25 ማይል ያህል።

አባ ንፋሱ፦ እንዲህ ነው ጥያቄ! በሪከንባከር ድልድይ ወደ ኪ ቢስኬይን ደሴት ተሻገር። ትልቁ ድልድይ ከፍታው 25 ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም የእኛ ዳገት እሱ ነው። ከላይ ስትደርስ የጎን ንፋሱ በድንገት ይመታሃል፤ መሪውን አጥብቀህ ሳይሆን ዘና ብለህ ያዝ። መጨረሻው ላይ በ1825 እ.ኤ.አ. የተሠራ የባሕር መብራት ማማ ያለበት መናፈሻ አለ፤ ለመግባት ትንሽ ይከፈላል። ደርሰህ ስትመለስ 25 ማይል አይሞላም። የጎደለውን ድልድዩን በመመላለስ ሙላው።

ነገር ግን ስማኝ፤ መንገዱ ላይ መኪናው በፍጥነት ነው የሚያልፈው። እዚያ የሞቱ ነጂዎች አሉ። ሕጉ ሹፌሩ ቢያንስ 3 ጫማ ርቆ እንዲያልፍህ ያዛል፤ ሕጉን ሁሉም ያከብራል ብለህ ግን አትንዳ። መብራት!

ቤቲ፦ ሰንሰለቴ በሁለት ሳምንት ዛገ። ባሕር ዳር ነው የምኖረው።

አባ ንፋሱ፦ ጨው ነው። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ በንጹሕ ውሃ ቀስ አድርገሽ አጠቢው፤ በግፊት የሚረጭ ውሃ አትጠቀሚ፣ ኩሽኔታ ውስጥ ይገባል። በጨርቅ አድርቂው፣ ሰንሰለቱን ዘይት ቀቢና ትርፉን ጥረጊው።

የባሕሩን ጨው ሁሉም ያውቃል፤ የራሳችንን ላብ ነው የምንረሳው። እኔ አንድ ክረምት ሙሉ ላቤ ከግንባሬ እየተንጠባጠበ አንዲት ቦታ ላይ ያርፍ ነበር፤ መሪውን የሚያስረው ብሎን አናት ላይ። ከላይ ትንሽ ቡናማ ነጥብ አየሁና ናቅኩት። ቤት ውስጥ ላጠብቀው በቁልፍ ስይዘው አንገቱ ላይ ተቀነጠሰ። ውስጡ እንደ ብስኩት ፈርሶ ነበር። ድልድዩ ቁልቁለት ላይ ቢሆንስ? ከዚያ ወዲህ በየወሩ ብሎኖቹን አውጥቼ ግራሶ እቀባለሁ። የኮርቻውንም ዘንግ አውጥታችሁ ቅቡ፤ ካልሆነ ከፍሬሙ ጋር ተጣብቆ ይቀራል።

ኬብሮን፦ የትኛው መንገድ ነው የሚሻለው ግን?

አባ ንፋሱ፦ ከላይ ተመልሷል። ሁለት ጊዜ።

ሳሚ፦ በእግረኛ መንገድ ላይ ብነዳስ? ሕጉ ይፈቅዳል ብለውኛል።

እንጦጦ 77፦ ይፈቅዳል፣ እኔም የምነዳው እዚያ ነው።

የሐዋሳ ልጅ፦ በሰዓት 30 እየነዳህ? ከየግቢው የሚወጣው መኪና አያይህም እኮ።

አባ ንፋሱ፦ ከተማው ካልከለከለ ይፈቀዳል፤ በዝግታ ለሚሄድ ሰው ይሁን። በፍጥነት ከሆነ ግን ከሐዋሳው ልጅ ጋር ነኝ። ከግቢ የሚወጣ ሹፌር የሚያየው መንገዱን ነው።

ኬብሮን፦ ይቅርታ አባ ንፋሱ፣ አሁን አነበብኩት። ከፍሎሪዳ ሲቲ እስከ ኪ ዌስት በአንድ ቀን ይቻላል?

አባ ንፋሱ፦ ከ120 ማይል በላይ ነው። ይቻላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን በሁለት ቀን ክፈለው። መንገዱ በ1935 እ.ኤ.አ. አውሎ ነፋስ ያፈረሰውን የባቡር መስመር ተከትሎ የተሠራ ነው። መንገድ ዳር ያሉት የማይል ምልክቶች ኪ ዌስት ላይ ከ0 ስለሚጀምሩ ቁጥሩ እያነሰ ሲሄድ ልብህ ይበረታል። የሰባት ማይሉ ድልድይ ላይ ግን መጠለያ የለህም። ንፋሱ ምሥራቅ ወይም ሰሜን ምሥራቅ በሆነ ቀን ብቻ ውጣ፤ ከጀርባህ ይሆናል። ርዝመቱ የሚያስፈራው ሰው ደግሞ አሮጌውን ድልድይ ይሞክር። በ2022 እ.ኤ.አ. ታድሶ ተከፍቷል፤ እስከ ፒጅን ኪ ደሴት 2.2 ማይል ነው፣ መኪና የለበትም።

ዳኒ፦ ቅዳሜ አብረን እንውጣ? የት እንገናኝ?

አባ ንፋሱ፦ ሐሙስ ማታ ቀዝቃዛ አየር ይገባል፤ ቅዳሜ ንፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ሰሜን። ፎርት ላውደርዴል ባሕር ዳር፣ ጎህ ከመቅደዱ 20 ደቂቃ በፊት። ሁለት ኮዳ ውሃ፣ አንድ ካላማዳሪ፣ ሁለት መብራት። መብራት የሌለው ሰው አብሮን አይነሳም።