ሹሩባ በተሠራሁ ቁጥር ራሴን ያመኛል

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 27 ነው፤ ፒያሳ ነው የምሠራው። ሹሩባ በተሠራሁ ቁጥር፣ በተለይ ዊግ ሲጨመርበት፣ የዚያኑ ዕለት ማታ ግንባሬንና ከጆሮዬ በላይ ሰቅዞ ይይዘኛል። ሁለት ሦስት ቀን ማስታገሻ እየዋጥኩ አሳልፈዋለሁ። ጓደኞቼ "ትለምጂዋለሽ" ይሉኛል። እውነት ሹሩባ ራስ ያሳምማል?

መልስ፦ አዎ፣ ያሳምማል። አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም፤ የጭንቅላት ቆዳ ግን በነርቭ የተሞላ ነው፤ የፀጉር ሥርም እንዲሁ። ሹሩባው ፀጉሩን ከሥሩ ወጥሮ ሲይዘው ነርቮቹ እረፍት አያገኙም። ዊጉ ደግሞ ክብደት አለው፤ ታጥቦ ውሃ ሲይዝ ይብስበታል። ወደ ላይ ተሰብስቦ ሲታሰርማ የግንባሩንና የጆሮ ግንዱን ፀጉር ይዞ ይጎትታል።

ለማረጋገጥ ሰዓት ይያዙ። ሕመሙ ሲጀምርዎ ክኒን ከመዋጥዎ በፊት እስሩን ይፍቱ፤ ካልበቃ ከፊት ያሉትን ሁለት ሦስት ጉንጉኖች ይፍቱ። መንስኤው መጎተቱ ብቻ ከሆነ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይለቅዎታል። ሳይለቅ ቆይቶ ማቅለሽለሽና ብርሃን መጥላት ከተከተለ ግን ማይግሬን ቀስቅሶብዎት ሊሆን ይችላል፤ እሱ ራሱን የቻለ ሕክምና ስላለው ይታዩ። ፓራሲታሞልም ቢሆን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት ከተወሰደ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል።

"ትለምጂዋለሽ" የሚለውን እባክዎን አይቀበሉ። በግንባርዎ ጠርዝ ጥቃቅን እብጠቶች ከወጡ፣ ወይም ቅንድብዎን ሲያነሱ ቆዳው ከተወጠረ፣ ሹሩባው ከልክ በላይ ጠብቋል። እንዲህ ሲደጋገም ፀጉሩ ከፊት ይሳሳል፤ ከቆየ ደግሞ ተመልሶ ላይበቅል ይችላል። ሠሪዋ ሳትጀምር ይንገሯት፦ የግንባሩ ጠርዝ ስስ ፀጉር አይነካ፣ ጉንጉኑ ወፈር ይበል፣ ዊጉ ይቀነስ። ካመመዎት እዚያው ወንበሩ ላይ እያሉ ይናገሩ፤ ቤት ገብቶ ከመፍታት ይሻላል።

የጠበቀ ሻሽ፣ የሞተር ሄልሜትና የዋና መነጽርም በመጫን እንዲሁ ያሳምማሉ፤ ሲወልቁ ይተዋል።

ሲያስሉ ወይም ሲያምጡ ብቻ የሚመጣ ራስ ምታት ግን ምርመራ ይፈልጋል። በቤትዎ ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ካለና ማበጠሪያ ሲነካው የሚያመው አዲስ ራስ ምታት ከጀመረው፣ ሲያኝክም መንጋጋውን ካመመው፣ የደም ሥር መቆጣት ሊሆን ይችላል፤ ዓይን ሊያጠፋ ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይድረስ። በድንገት፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጣራ የሚደርስ ከባድ ራስ ምታት ከሆነ ደግሞ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።