መልስ፦ የህንድ ክሪኬት «ኤ» ቡድን (ከዋናው ቀጥሎ ያለው ሁለተኛ ቡድን) አውስትራሊያ ድረስ ምን ሊሠራ ይሄዳል?

ወንድሜ፣ «ዋናው ቡድን እያለ ሁለተኛውን ባሕር ማዶ መላክ ገንዘብ ማባከን አይደለም ወይ?» ላልከው፣ በኔ እይታ አይደለም። የ2024ቱን የህንድ ኤ ጉዞ ተመልከት። ማካይና ሜልበርን ላይ ከአውስትራሊያ ኤ ጋር ሁለት የአራት አራት ቀን ጨዋታ አደረጉ፣ ሁለቱንም ተሸነፉ። ውጤቱን ብቻ ካየህ ኪሳራ ነው። ግን እዚያ ሜዳ ላይ ኳሱ መሬት ነክቶ ሲነሳ ከህንድ ይልቅ ከፍ ይላል፣ ይሄን ደግሞ አገርህ ተቀምጠህ አትለምደውም። ለዚህ ነው በዋናው ስብስብ የነበሩትን ኬ ኤል ራሁልንና ድሩቭ ጁሬልን ሳይቀር ለሁለተኛው ጨዋታ ቀድመው የላኳቸው።

ጁሬል ሜልበርን ላይ ቡድኑ በ161 ራን (ነጥብ) ተጫዋቾቹ ወጥተው ሲያልቅ ብቻውን 80 አመጣ፣ በሁለተኛው ዙር 68 ደገመ። ራሁል ግን 4 እና 10! ያውም በሁለተኛው ዙር ኳሷ በእግሮቹ መሀል ሾልካ ከኋላው የቆሙትን እንጨቶች መትታ ነው ያስወጣችው፣ ሰው መሳቂያ አደረገው። የሚገርመው ፐርዝ ላይ በዋናው ቴስት (የዋናዎቹ ብሔራዊ ቡድኖች የአምስት ቀን ጨዋታ) ነገሩ ተገለበጠ፤ ራሁል 77 ሲያስቆጥር ጁሬል 11 እና 1 ላይ ቀረ። ከኤ ቡድኑ ጋር የሄደው ኒቲሽ ኩማር ሬዲም እዚያው የመጀመሪያ ቴስቱን ተጫውቶ፣ በመጀመሪያው ዙር በ41 ራን ከህንዶቹ ሁሉ በለጠ። በነገራችን ላይ የአውስትራሊያ ኤ አምበል የነበረው ናታን ማክስዊኒም ከእነዚህ የኤ ጨዋታዎች በኋላ ነው ለፐርዙ ቴስት በአውስትራሊያ ዋናው ቡድን የተመረጠው።