እናቴን ለኒውሮሳይኮሎጂ ምርመራ እንዴት ላዘጋጃት?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። የ72 ዓመት እናቴ ከኢትዮጵያ መጥታ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ አንድን ነገር ደጋግማ ትጠይቃለች፤ ሁለት ጊዜ ደግሞ ድስት ምድጃ ላይ ረስታ ቤቱ በጢስ ታፍኗል። የነርቭ ሐኪሟ ኤምአርአይ ካስነሣት በኋላ ወደ ኒውሮሳይኮሎጂ ባለሙያ፣ ማለትም የማስታወስና የማሰብ ችሎታን በፈተና ወደሚለካ ባለሙያ፣ ልኳታል። ምርመራው አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል ተብለናል። እንግሊዝኛ አትችልም፤ ማንበብና መጻፍ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ነው። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። እኔው ላስተርጉምላት? ከኢንተርኔት የማስታወስ ልምምድ አውጥቼ ላለማምዳት? አንድ ዘመዳችን «ብትሳሳት ይሻላል፣ ከዜግነት ፈተናው ያስቀርላታል» ይላል። እሷ ግን «አበድሽ ልትሉኝ ነው?» ብላ ተቆጥታለች።

መልስ፦ ከቁጣቸው ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የሚሳካው እሱ ሲበርድ ነውና። በእኛ ዘንድ ስለ ጭንቅላት የሚጠይቅ ሐኪም ሁሉ የእብድ ሐኪም ይመስላል። «የደም ግፊትሽን ሊለኩሽ ነው» ብለው አታለው እንዳይወስዷቸው፤ እዚያ ሲደርሱ ይገባቸዋል፣ ያኔ አፋቸውን ከዘጉ አምስቱ ሰዓት በከንቱ ያልፋል። እውነቱን በቀላሉ ይንገሯቸው፦ ኤምአርአይ የአንጎልን መልክ አሳይቷል፤ ይህ ደግሞ አንጎሉ እንዴት እየሠራ እንደሆነ ያያል። መርፌ የለበትም፣ ደም አይቀዳም። ከባለሙያ ጋር ተቀምጠው ይነጋገራሉ፣ ቃላት ሰምተው ቆየት ብለው ያስታውሳሉ፣ ሥዕል ይገለብጣሉ፣ ቁርጥራጭ ይገጣጥማሉ። አንዳንዱ ቀላል፣ አንዳንዱ ማንም የማይጨርሰው ከባድ ነው። ሆን ተብሎ እንዲህ መሠራቱን አስቀድመው ካወቁ ሲከብዳቸው አይደነግጡም።

ልምምዱን ይተዉት። ውጤታቸው የሚነጻጸረው በዕድሜና በትምህርት ከሚመስሏቸው፣ ሳይለማመዱ ከተፈተኑ ሰዎች ጋር ነው። እናትዎ አጥንተው ከገቡ የሚገኘው ቁጥር የእሳቸው አይሆንም። ከዓመት በኋላ ሲደገም ሕመሙ መባባሱን የምናውቀውም ከዚህ የመጀመሪያ ውጤት ጋር አስተያይተን ስለሆነ ጉዳቱ ለሚቀጥለውም ይተርፋል። የእርስዎ ዝግጅት ሌላ ነው፦ በዚያ ቀን የሚለካው የእናትዎ አንጎል ብቻ እንዲሆን፣ ረሃባቸው፣ እንቅልፍ ማጣታቸው ወይም እንግሊዝኛ አለማወቃቸው አብሮ እንዳይለካ ማድረግ።

ስለ ማስተርጎሙ፦ አይሆንም፣ እርስዎ አያስተርጉሙ። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የጤና ተቋም ብቁ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ዛሬውኑ ደውለው የአማርኛ አስተርጓሚ በአካል እንዲገኝ ያስመዝግቡ፤ በስልክ ማስተርጎም ለእንዲህ ያለ ምርመራ አይመችም። ባለሙያው ራሱ አማርኛ የሚናገር ቢገኝ የተሻለ ነበር፤ ጥቂት ስለሆኑ እሱን ስንጠብቅ ቀጠሮው እንዲያልፍ አልመክርም። እናትዎ አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ፣ በጉራጊኛ ወይም በሌላ ቋንቋ ከሆነም አብረው ይናገሩ። ልጅ ሲያስተረጉም ምን እንደሚሆን በዓይኔ አይቻለሁ፤ እናት ስትደናቀፍ ልጅ ከአንጀቱ ያዝንና ያልተባለውን ይሞላል። በዚያ ላይ እናት በልጇ ፊት «አልችልም» ማለት ያሳፍራታል።

ከቀጠሮው በፊት አንድ ገጽ ደብዳቤ ጽፈው ለባለሙያው ይላኩ። ከሁሉም የበለጠ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ፈተናዎቹ የተሠሩት የእናትዎን አገር ለማያውቅ ሰው ነው።

ለምሳሌ ሰዓት መሣልን እንውሰድ፤ በሰፊው የታወቀ ፈተና ስለሆነ ማንሣቴ ምንም አያበላሽም። ባለሙያው በእንግሊዝኛ ሦስት ሰዓት ሲል አስተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ ቢያስተላልፍ፣ እናትዎ አጭሩን ዘንግ ዘጠኝ ላይ ያቆሙታል። በእኛ አቆጣጠር የጠዋቱ ሦስት ሰዓት እዚያ ነውና አልተሳሳቱም፤ የፈተናው ወረቀት ግን ስሕተት ይለዋል። ዓመተ ምሕረት ሲጠየቁ በእኛ አቆጣጠር ቢመልሱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀሩ ይመስላሉ፤ ወሩም ቀኑም እንዲሁ። የኤቢሲዲን ተራ የሚጠይቅ ፈተና ደግሞ በሀሁ ለተማረ ሰው የትኩረት ፈተና መሆኑ ይቀርና የቋንቋ ፈተና ይሆናል፤ በፊደል ፋንታ ቀለም የሚጠቀም ሌላ ዓይነት ስላለ ባለሙያው አስቀድሞ ካወቀ ይቀይረዋል።

ዕድሜያቸውንም ይጻፉ፤ ወረቀት ላይ ያለውን ሳይሆን እውነተኛውን። ልደታቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተመዘገበ ስንት እናቶች አሉን! ንጽጽሩ በዕድሜ ስለሆነ የአምስት ዓመት ልዩነት ውጤቱን ሊለውጠው ይችላል። ንጉሡ በ1967 ዓ.ም. ሲወርዱ ምን ያህል ልጅ እንደነበሩ፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር ስንት ልጅ ወልደው እንደነበር ቢጠይቋቸው ወደ እውነቱ ይጠጋሉ። «ትምህርት ቤት አልገቡም» ብሎ ማለፍም አይበቃም፤ ሱቅ ነግደው ያውቁ እንደሆነ፣ የዕቁብ ሒሳብ በቃላቸው ይይዙ እንደነበር ይጨምሩ። ባለሙያው የዛሬውን የሚመዝነው ድሮ ከነበሩበት አንጻር ነው።

ከዚያ ያስተዋሉትን ለውጥ። «ትረሳለች» ብቻ ለሐኪም ምንም አይነግርም። ድስቱ የተረሳው በየትኛው ወር እንደሆነ፣ ወጥ ውስጥ ጨው ደግመው ይጨምሩ እንደሆነ፣ የለመዱትን የእንጀራ ሊጥ ማብካት ተሳስተው ያውቁ እንደሆነ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ጠፍቷቸው እንደሆነ፣ መድኃኒታቸውን ማን እንደሚቆጥርላቸው ይጻፉ። እንቅልፋቸውን፣ ማንኮራፋታቸውን፣ ሐዘናቸውንም አይተዉ። ከአገር ርቆ ቤት ውስጥ የዋለ ሰው ድባቴ የመርሳት በሽታን አስመስሎ ይመጣል፤ እሱ ደግሞ ይታከማል። በጽሑፍ የሚልኩት በፊታቸው ሲነገር ስለሚያዋርዳቸው ነው።

አሁን ወደ ጓዳው። ቀጠሮው ረቡዕ ወይም ዓርብ፣ ወይም ዐቢይ ጾም ውስጥ ከዋለ እናትዎ ቁርስ ሳይበሉ ሊሄዱ ይችላሉ። የስኳር ሕመምተኛ መድኃኒት ወስዶ ባዶ ሆዱን አምስት ሰዓት አይፈተንም፤ በተለይ ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊፒዛይድ ያለ ስኳር የሚጥል ክኒን የሚወስዱ ከሆነ አደገኛ ነው። የንስሐ አባታቸውን ያነጋግሩ፤ የእርስዎን ቃል ባይሰሙ የእሳቸውን ይሰማሉ። ካልሆነም ቀጠሮውን ከጾሙ ያውጡት። ቡና የለመዱ ከሆነ ቡናቸውን ይጠጡ። መነጽርና የመስሚያ መሣሪያ ካላቸው አይረሱ፤ ምሳም ይያዙ።

የዘወትር መድኃኒታቸውን እንደተለመደው ይውሰዱ። በራስዎ ፈቃድ ምንም አያቋርጡ። ነገር ግን ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣውን ጨምሮ ሁሉንም በአንድ ከረጢት ይዘው ይሂዱ። ለራስ ምታት ወይም ለእግር ማቃጠል የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን፣ ለእንቅልፍ ብለው የሚውጡት ቤናድሪል ማስታወስን ያደበዝዛሉ፤ ካሉ ከቀጠሮው ቀደም ብለው ለሐኪማቸው ይንገሩ። ለስኳር የሚሰጠው ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ሊያሳንስ ስለሚችል፣ እሱና ታይሮይድ በደም ተመርምረው እንደሆነ ይጠይቁ። ካልተመረመሩ የነርቭ ሐኪማቸውን «ለምን?» ማለት ድፍረት አይደለም።

ዘመድዎ ያሉት ምክር ግን መጥፎ ነው። ሰው የሚችለውን ያህል መሞከር አለመሞከሩን የሚለዩ ፈተናዎች መሐል መሐል አሉ፤ ሆን ብሎ የሚሳሳት ይታወቃል፣ ከዚያ በኋላ እውነተኛ ሕመም ቢኖራቸውም ማንም አያምናቸውም። ሕመሙ በእርግጥ ካለ በሕመም ምክንያት ከዜግነት ፈተናው ለመቅረት የሚጠየቅበት ኤን-648 የሚባል ቅጽ አለ፤ ሐኪም ወይም ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ይሞላዋል፤ ትክክለኛ ውጤት ለዚያም ይጠቅማል። በዕድሜ ከእንግሊዝኛው የሚቀረው 55 ዓመት ሞልቶት በቋሚ ነዋሪነት 15 ዓመት የቆየ ሰው ነው፤ እናትዎ ዘጠኝ ዓመታቸው ከሆነ ገና ናቸው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ተቃራኒው ነው። የእኛ እናቶች በትሕትና «እኔ ምን አውቃለሁ» ይላሉ። ባለሙያው ይህን «አላውቅም» ብሎ ይመዘግበዋል። እርግጠኛ ባይሆኑም እንዲገምቱ፣ ሲደክማቸው ዕረፍት እንዲጠይቁ፣ ሽንት ሲመጣባቸው በይሉኝታ እንዳይዙ አደራ ይበሏቸው። አምስቱ ሰዓት ይከብዳቸዋል ካሉ ለሁለት ቀን እንዲከፈል መጠየቅ ይቻላል። በዋዜማው እንቅልፍ ካልወሰዳቸው ወይም ጉንፋን ከያዛቸው ደውለው ያዛውሩት።

ውጤቱ የሚነገረው በሌላ ቀጠሮ ነው፤ አስተርጓሚ ለዚያም አሁኑኑ ይያዙ። እስከዚያው ምድጃውን ብቻቸውን አይተዉላቸው። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ በድንገት ቢምታታባቸው፣ ፊታቸው ቢጣመም ወይም አንደበታቸው ቢተሳሰር ግን የኒውሮሳይኮሎጂ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ወዲያውኑ 911 ይደውሉ።